ጡት ስለማስተከል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ሲታሰብ

«ዋናው መትረፍሽ ነው» ይሉኛል። የሚሉኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም። አብዛኞቹ በተኛሁበት ጊዜ አጥሚት ያመጡልኝ፣ ልጆቼን ያበሉልኝ፣ በየጸሎቱ ስሜን ያስጠሩልኝ ናቸው። ቢሆንም ይህችን አባባል በሰማሁ ቁጥር ታንገበግበኛለች። የምትነገረኝ ስለ መትረፍ ስጠይቅ አይደለማ! የምትነገረኝ ስለ ጡት ስጠይቅ ነው። ጥያቄዬን ሳትመልስ አፌን ታስይዘኛለች፤ የተረፈች ሴት ሌላ ነገር መጠየቋ ነውር የሆነ ይመስል።

የግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ኬሞቴራፒውንም፣ አዲስ አበባ ሄጄ የወሰድሁትን የጨረር ሕክምናም ጨርሻለሁ። አሁን የቀረኝ ታሞክሲፌን የሚባለው ክኒን ነው፤ በየቀኑ አንድ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት። ስለ በሽታው ራሱ እዚህ ብዙ አልጽፍም። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር መሆኑ፣ አብዛኞቻችንም ሐኪም ፊት የምንቀርበው በሽታው ከገፋ በኋላ መሆኑ በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ በሮዝ ጥብጣብ ታጅቦ ይነገራል። ይነገር፤ ደግ ነው።

የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጡት ከወጣ በኋላ በቦታው ሌላ መሥራት እንደሚቻል እኔ የሰማሁት ከሐኪም አይደለም፤ ከዘመድ ነው። ያውም ደረቴ ከተሰፋ በኋላ። ጊዜው ለውጥ እንዳለው ደግሞ ኋላ ነው የገባኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔና የአጎቴ ልጅ ያደግነው እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እሷ ዲቪ ደርሷት ሜሪላንድ ገባች፤ እኔ እዚሁ ቀርቼ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። በሽታው ቀድሞ የያዘው እሷን ነው። አያታችንም «በደረቷ ቁስል» ነው የሞተችው ይባላል፤ በዚያ ዘመን ስም ያወጣለት ስላልነበረ ምን እንደነበረ በእርግጥ የሚናገር የለም። ከጡት ካንሰር በዘር የሚወረሰው ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ቢሆንም፣ በአንድ ግቢ ሁለት ሴት ሲታመም ሰው ወደ ኋላ መቁጠሩ አይቀርም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ አለ። ጡት ማውጣትን የሚሸፍን የጤና መድን ጡቱን መልሶ መሥራትንም እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ሁለተኛውን ጡት ለማመጣጠን የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና፣ ከልብስ ሥር የሚደረገውን ሰው ሠራሽ ጡት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣውን የክንድ እብጠት ሕክምና ሳይቀር። ስለዚህ እትዬን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሐኪሞች አነጋገሯት፤ አንዱ የሚያወጣው፣ ሌላው የሚሠራው። እኔን ያነጋገረኝ አንድ ነው። ጨዋ ሐኪም ነበር፤ ከበሩ ውጭ ግን የተሰለፍነው ሰዎች ወንበሩም ኮሪደሩም አልበቃንም።

እትዬ አሠራሩን በስልክ ስትነግረኝ እንደ መምህር ልማዴ ማስታወሻ እይዝ ነበር። ጡቱ ሲወጣ ቆዳው በተቻለ መጠን ይተርፋል። ከዚያ ከደረት ጡንቻ ሥር ወይም ከጡንቻው በላይ ያልተሞላ የሲሊኮን ከረጢት ይገባል። ከረጢቱ ትንሽ የመርፌ መቀበያ አለው። ቁስሉ ሲጠግግ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ክሊኒክ እየሄደች፣ መቀበያው ከቆዳዋ ሥር የት እንዳለ በማግኔት ተፈልጎ፣ በመርፌ የጨው ውሃ ይጨመርባታል፤ በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። ቆዳው ቀስ እያለ ይለጠጣል። የተጨመረ ዕለት ደረቷ እየተወጠረ እንቅልፍ ይነሳት ነበር። የሚፈለገው መጠን ሲደርስ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይደረግና ከረጢቱ ወጥቶ ቋሚው ይገባል፤ ኢምፕላንት የሚሉት፣ የጨው ውሃ ወይም የሲሊኮን ጄል የተሞላ። ቆዳዋ ጤነኛና በቂ የሆነ ሴት ቋሚው በአንዴ የሚገባላትም አለች። የጡቱ ጫፍ ኋላ ከራሷ ቆዳ ይሠራል፤ ወይም በንቅሳት ይሳላል።

«ንቅሳት» ስትለኝ ሁለታችንም ሳቅን። አያታችን አንገቷን ዙሪያውን የተነቀሰች ነበረች። በእሾህና በጥላሸት ነው ያስነቀሰችው፤ እትዬ ግን በቀጠሮ፣ በጓንት፣ ሦስት ዓይነት ቡናማ ቀለም ቀርቦላት እየመረጠች።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመን ሃይደልበርግ ቪንሰንዝ ቼርኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም ከአንዲት ሴት ጎን ያወጣውን የስብ ዕጢ ወስዶ የጎደለ ጡቷን ሞላበት። ሲሊኮኑ የመጣው በ1962 ነው፤ ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ በቶማስ ክሮኒንና በፍራንክ ጄሮው እጅ። ሐሳቡ ለጄሮው የመጣለት ደም የተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት በእጁ ጨብጦ ሳለ ነው ይባላል። ከሰው በፊት ኤስሜራልዳ በምትባል ውሻ ላይ ሞከሩት። የመጀመሪያዋ ሴት ካንሰር አልነበረባትም። ሆስፒታል የሄደችው ደረቷ ላይ ያለ ንቅሳት ለማስጠፋት ነበር፤ እዚያው አግባቧት። (እትዬ ይህን ስነግራት «ሴት፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ የማትጠይቀውን ይሰጧታል፤ የጠየቀችውን ይነሷታል» አለችኝ። ምሬት የለባትም፤ ቀልደኛ ናት።)

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቀና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሲሊኮን ጄል የተሞሉትን ለውበት ሲባል እንዳይገቡ አገደ፤ ጡታቸው ለወጣ ሴቶች ግን በጥናት ክትትል ሥር ፈቀደ። እገዳው የተነሳው በ2006 ነው። በ2010 ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ይሞላ እንደነበር ተጋለጠ። በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው አምራች ገጻቸው ሻካራ የሆኑ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ በዙሪያቸው ከሚሠራው ጠባሳ ውስጥ የሚነሳ አልፎ አልፎ የሚታይ፣ ሊምፎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ከእነርሱ ጋር ስለተያያዘ ነው።

እነዚህን ዓመታት የቆጠርሁት ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። እትዬ ቦርሳዋ ውስጥ አንዲት ካርድ አላት። በደረቷ ውስጥ ያለው ዕቃ ማን እንደሠራው፣ ዓይነቱና ተከታታይ ቁጥሩ ተጽፎባታል። የ2019 ዜና የተሰማ ዕለት ካርዷን አውጥታ ቁጥሯን አየች፤ የእሷ ከሚሰበሰቡት ውስጥ አልነበረም፤ ቡናዋን ጠጥታ ሥራዋ ሄደች። እኔ ስለ ኢምፕላንት ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ያሳሰበችኝ ያቺ ካርድ ናት። ደረት ውስጥ የሚገባው ዕቃ ብቻውን አይገባም፤ ከጀርባው የሚከታተለው ሥርዓት አብሮ መግባት አለበት። አሁን ወደ እኛ አገር ልመልሰው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሐምሌ ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወደ ጮቄ ተራራ የሚጠጉት ደግሞ ከእኛ ይብሳሉ። እትዬ በክረምት ከቤት ወጥታ ስትመለስ ሌላው አካሏ ሞቆ ኢምፕላንቱ ግን ቀዝቅዞ እንደሚቆይ ነግራኛለች፤ ከቆዳው ሥር የሚያሞቀው ሥጋና ስብ ስለሌለ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤቱ ይሞቃል። እዚህ በክረምት የሚሞቀው ወጥ ቤቱ ነው፤ ወጥ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እንደገና የተሠራ ጡት ስሜቱ ወይ ይጠፋል ወይ በእጅጉ ይቀንሳል። ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ደረታቸው ላይ አድርገው ሳይሰማቸው የተቃጠሉ ሴቶች እንዳሉ በሕክምና መጽሔቶች ተጽፏል። ምጣድ ላይ አጎንብሳ እንጀራ የምትጋግር፣ ጀበና ከከሰል ላይ የምታነሳ ሴት ምን ያህል ጊዜ ደረቷን ለእሳት እንደምትሰጥ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። እኔ ኢምፕላንት ባይኖረኝም የግራ ደረቴ አይሰማኝም፤ ሽርጥ ሳላደርግ ምድጃ አጠገብ አልቆምም።

ሥራውም አለ። ከጡንቻ ሥር የገባ ኢምፕላንት ክንድ በተወጠረ ቁጥር ይንቀሳቀሳል፤ ጡቱ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይሸሻል። እትዬ የምታነሳው ከባዱ ነገር የገበያ ዘንቢሏ ነው። ቢቸና ወይም ደምበጫ ገጠር ያለች ሴት ግን ሙቀጫ ትወቅጣለች፤ ጀሪካን ትሸከማለች፤ ነዶ ታነሳለች። የዛሬ ሐኪሞች ዕቃውን ከጡንቻው በላይ ወደማድረግ እያዘነበሉ ነው። ብዙዎቹ ታዲያ ከሰው ወይም ከእንስሳ ቆዳ ተዘጋጅቶ ሕዋሳቱ የተወገዱለት ስስ ሽፋን ይጠቀማሉ፤ እሱም ከውጭ የሚመጣና ውድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ ዋናው ጨረሩ ነው። ማንኛውም ባዕድ ነገር ሲገባ ሰውነት ዙሪያውን በስስ ጠባሳ ይከበዋል። ይህ ጤናማ ነው፤ በሁሉም ሴት ላይ ይደርሳል። በአንዳንዷ ላይ ግን ጠባሳው ይወፍርና ይጨመደዳል። ጡቱ ይጠነክራል፣ ወደ ላይ ይሳባል፣ ያምማል። ጨረር የወሰደ ደረት ለዚህ የበለጠ የተጋለጠ ነው፤ ቁስሉም በቀላሉ አይሽርም። አብዛኞቻችን በሽታው ከገፋ በኋላ ስለምንደርስ አብዛኞቻችን ጨረር ያስፈልገናል። እንግዲህ ጡቷ የሚወጣባት የጎጃም ሴት ከመነሻው ኢምፕላንት ከማይስማማቸው ወገን የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው።

ለእንዲህ ያለችው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የራሷን ሥጋ ይመርጡላታል፤ ከሆዷ ቆዳና ስብ፣ ወይም ሰፊውን የጀርባ ጡንቻ ከነቆዳው ወደ ፊት አዙሮ ማምጣት። ከሆድ የሚወሰደው፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን በአጉሊ መነጽር መስፋት የሚጠይቅ ዓይነት አለው፤ የሰለጠነ ሐኪምና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። የጀርባው ይቀላል። የጀርባውን ሳነብ ግን አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ስድስት ልጆች አዝላ ያሳደገች፣ ዛሬም የልጅ ልጅ የምታዝል። ከጀርባሽ ጡንቻ ቆርጠን ደረትሽ ላይ እናድርግ ቢሏት ሐኪሙን በጥፊ የምትመታው ይመስለኛል።

ርቀቱን ደግሞ እናስበው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀን ላይ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ወጥቶ። በቁስል ያን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች፣ የተጎዳ አካልን መልሰው የሚሠሩት፣ በአብዛኛው ያሉት እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ የእነርሱም ጊዜ በእሳት አደጋ ለተጎዱና ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱ ሕፃናት የተያዘ ነው፤ አልፈርድባቸውም። አሁን አንዲት ሴት የማስፊያ ከረጢቱ ገብቶላት ወደ ሞጣ ተመለሰች እንበል። ለየሳምንቱ መርፌ አዲስ አበባ ትመላለሳለች? ወይስ ዘመድ ቤት ወራት ትቀመጣለች? በአሥራ አምስተኛው ቀን ደረቷ ቀልቶ ቢሞቅ፣ ትኩሳት ቢይዛት፣ ያ ቁስሉ መመርቀዙን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ወዲያው ሐኪም ማየት አለባት፤ ከረጢቱም ምናልባት መውጣት አለበት። መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ የማይንቀሳቀስባቸውን ቀናት ደግሞ ባለፉት ዓመታት አይተናቸዋል።

ይህም ሁሉ በሰላም ቢያልፍ ዕቃው የዕድሜ ልክ አይደለም። ያው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ለታካሚዎች በግልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። በሲሊኮን ጄል የተሞላው ሳይታወቅ ሊቀደድ ስለሚችል፣ ከገባ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ መታየት፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ መደገም አለበት ይላል። አንድ ቀን ይለወጣል ወይም ይወጣል። እትዬ እንደ መኪና ምርመራ ቀን መቁጠሪያዋ ላይ ጽፋዋለች።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ይቅርባችሁ» ሊል ይችላል። እኔ ግን አልልም። ለምን እንደማልል ለማስረዳት ንስሐ አባቴን ልጥቀስ።

ነገሩን ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እግዚአብሔር የወሰደውን ሰው ልመልስ ቢል ትዕቢት ነው የሚሉ ሽማግሌዎች በአካባቢያችን አልጠፉም። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና ሳቁ፤ ፊት ለፊት ያለው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ታየኝ። «ልጄ፣ እኔ ይህን ጥርስ ያስተከልሁት ፈጣሪ የሰጠኝን ንቄ ነው? ቆሎ አላኝክ ቢለኝ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ጨዋታ አለፉ።

ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩን ሳላምጠው አመሸሁ። የአባ ጥርስ ያኝካል። የሚተከለው ጡት ምን ይሠራል? ወተት የለውም፣ አያጠባም፣ አይሰማውም። በእኛ አገር ጡት ትልቅ ነገር ነው፤ ቀድሞ ባዳ ሰው በማር ተቀብቶለት እየጠባ «የጡት ልጅ» ይሆንና ከአብራክ ልጅ እኩል ይቆጠር ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚተከለው አንዱንም አይመልስም። ይህን ለእትዬ በስልክ ስላት ሳትቆጣ መለሰችልኝ፦ «እታለም፣ የኔ ጡት አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ጠዋት ልብስ ስለብስ ስለ በሽታዬ አላስብም። ለዚያች አንዲት ሥራ ደግሞ ከፍዬበታለሁ።»

መልስ አጣሁ። እኔ ጠዋት ጠዋት አስባለሁና።

አክስቴ «ለማን ልታሳዪው ነው?» ትለኛለች። ሴት ጡት የምትፈልገው ለባሏ ነው ብላ ስለምታምን ነው። ባሏ በዚህ የተነሳ የተዋት ሴት አለች፤ አውቃታለሁ፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። የኔ ባለቤት ስለ ጡት አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ከደረቴ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ በየማታው ባዶ እያደረገ፣ በሲሪንጅ እየለካ፣ በልጆች ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። ቀለሙንም፦ ቀይ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ቢጫ። ደብተሩን ሳየው ከሒሳብ የቤት ሥራ ሥር ሰፍሯል። ጡት የምፈልገው ለማን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ቢያንስ ከዚህ ሰው ላይ ምክንያት አይፈልግ።

ነጠላ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶም ያለ ጭንቀት እውላለሁ። የሚያስቸግረኝ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጄን አንስቼ ስጽፍ። እናቴ በመጀመሪያ የሠራችልኝ ከባዘቶ ነበር። ጥጡን ነድፋ፣ በነጭ ጨርቅ ሰፍታ፣ ጡት መያዣዬ ውስጥ ኪስ አበጅታለት። ቁንጅናው ልክ ነበር፤ ክብደት ስለሌለው ግን እኔ ስለ ፎቶሲንተሲስ ሳስተምር ወደ ትከሻዬ ይወጣል። የፊት ወንበር የምትቀመጥ ተማሪ ዓይኗን ወደ መስኮት ስትመልስ አወቅሁ። እናቴ ቀጥላ ጥጡ ውስጥ ማሽላ ጨመረችበት። ክብደቱ ተስተካከለ፤ ክረምት ሲገባ ግን ነቀዘ። ኑግም ሞከርን፤ ልብሴን ዘይት አስነካብኝ። ያሸነፈው የገበያ ዶቃ ነው። ትንንሹን የመስታወት ዶቃ በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ከባዘቶው ግርጌ ሰፋችው። ይታጠባል፣ አይነቅዝም፣ ቦታውን ይይዛል። ስንት ዶቃ ይበቃል የሚለውን ለመለየት ቅመም ሻጯ ጎረቤታችን ሚዛን ላይ አድርገን፣ ቀኝ ጡቴን በግምት፣ የእናቴን ሥራ በእርግጥ መዘንን። ሴትየዋ ከሳቋ ብዛት በርበሬው ደፍቶባት ነበር።

በኋላ እትዬ ከሲሊኮን የተሠራውን፣ ከልብስ ሥር የሚደረገውን በመንገደኛ ላከችልኝ። እሱ ደረት ላይ በትክክል ይቀመጣል። ቀትር ላይ ያልበኛል። ለሠርግና ለስብሰባ እሱን፣ ለክፍል የእናቴን አደርጋለሁ።

ወደ ጊዜው ጉዳይ ልመለስ። ጡት መልሶ ለመሥራት የታሰበ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በፊት መታወቁ ብዙ ነገር ይለውጣል። ሐኪሙ ምን ያህል ቆዳ እንደሚተው፣ ስፌቱን በየት በኩል እንደሚያሳልፍ፣ ጨረር ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይ፣ ሁሉም በዚያ ይወሰናል። ምንም እንዲገባባት የማትፈልገውም ሴት ቀድማ ብትናገር ደረቷ ያለ ትርፍ ቆዳና ያለ እጥፋት ልሙጥ ሆኖ በጥንቃቄ ይሰፋላታል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የኔ ከብብቴ በታች የምትታጠፍ ቆዳ ተርፋ፣ ጡት መያዣ በለበስሁ ቁጥር ትፈገፍገኛለች። ቀድሞ የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ ልሙጡን እመርጥ ነበር። ጥያቄው የሚወስደው ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኢምፕላንቱ የለንም የሚል ሆስፒታል እንኳ ይህን ሊጠይቅ ይችላል። የኛ ሐኪሞች የማይጠይቁት የማይሰጡትን ነገር መጥቀስ ጭካኔ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የሌለውን ነገር የለም መባልን፣ እንዳለም ሳላውቅ ከመቅረት እመርጣለሁ።

እኔ አላስተክልም። ደረቴ ጨረር የበላ ነው፤ ልጆቼ ትንንሾች ናቸው፤ ዓባይ በረሃን ለመርፌ ብዬ ደግሜ መውረድ አልፈልግም። እትዬም በሚቀጥለው ዓመት የቀኝ ጎኗን ልታስለውጥ ነው፤ ኤምአርአዩ ላይ መቀደድ ታይቷል። ትለውጠዋለች እንጂ አታስወጣውም፤ ጠይቄያታለሁ።

በቅርቡ ከቢቸና የመጣች ወጣት ሴት በሰው በሰው አግኝታኝ ቤቴ መጣች። ዕጢው ገና ትንሽ ነው፣ ጨረር ላያስፈልጋት ይችላል ተብላለች፤ አዲስ አበባ የምትጠጋበት እህት አላት። እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋት። ብርዱን፣ ምጣዱን፣ ካርዷን፣ መንገዱን፣ ከዓመታት በኋላ መለወጡን። የሚያገባላት ሐኪም የዕቃውን ዓይነትና ተከታታይ ቁጥር ጽፎ እንዲሰጣት፣ ቢመረቅዝ በስንት ሰዓት ማን ዘንድ እንደምትደርስ አስቀድማ እንድትጠይቅ፣ ማንቂያ ምልክቶቹንም እህቷ እንድታውቅ መከርኋት። የእናቴን የዶቃ ሥራም አውጥቼ አሳየኋት፤ በእጇ መዘን መዘን አድርጋ መለሰችልኝ።

«እትዬ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች። «እኔ ግን ማስተከሉን ነው የምፈልገው።»

የሜሪላንዷን እትዬን ስልክ ጻፍሁላት። የሰዓቱን ልዩነት አስልታ እንድትደውል ነገርኋት፤ እሷ ከሥራ የምትመለሰው እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው።